ፈረንሳይኛ «መሄድ» ለምን ሦስት መልክ አለው?

አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ አንዷን ስህተት ሳትሰሙ አትቀሩም። «ምጣ!» ይላል። ልጆች ይስቃሉ። ሰውየው ግን ያሰበው ልክ ነው። «ሰማ» ካለ «ስማ» ይባላል። «በላ» ካለ «ብላ»። ታዲያ «መጣ» ብሎ «ምጣ» ቢል ምን አጠፋ? እኛው ራሳችን ስንከለክል «አትምጣ» እንል የለም እንዴ? ስንጠራ ግን «ና» ነው፤ «ነይ»፣ «ኑ»። «ና» ከ«መጣ» ጋር አንድም ፊደል አይጋራም። አፋችን ስለለመደው ግን ማናችንም ቆም ብለን አንጠይቅም።

ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ የፈረንሳይኛ ግሥ ለማውራት ነው። «መሄድ» ማለት ነው፤ «አሌ» ይባላል። ፈረንሳይኛ የጀመረ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያገኘዋል። ብዙ ሰው ተስፋ መቁረጥ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። እኔ በማታ ትምህርት ስማር መምህራችን ሰሌዳው ላይ ደረደሩትና «ምክንያት የለውም፣ ዝም ብላችሁ ሸምድዱት» አሉን። ሸመደድነው። ከዓመታት በኋላ ግን ምክንያት እንዳለው አወቅሁ። ያኔ ቢነገረን ኖሮ ሽምደዳው ራሱ ይቀለን ነበር።

እስቲ ግሡን እንየው። «ዠ ቬ» ማለት እሄዳለሁ ነው። «ቱ ቫ» ትሄዳለህ፣ «ኢል ቫ» ይሄዳል። እስከዚህ ደህና ነው። «እንሄዳለን» ላይ ሲደርስ ግን «ኑ ዛሎን» ይሆናል። «ትሄዳላችሁ» ደግሞ «ቩ ዛሌ»። (መካከል ያለችው «ዝ» ከፊተኛው ቃል የምትሻገር ድምፅ ናት፤ ግሦቹ «አሎን» እና «አሌ» ናቸው።) «ይሄዳሉ» ሲሆን ተመልሶ «ኢል ቮን»። ስለ ነገ ስናወራ ደግሞ «ቫ»ም «አሌ»ም ይጠፉና «ዢሬ» ይመጣል። የፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ደጋፊው «አሌ ሌ ብሉ!» እያለ ሲጮህ ሰምታችሁ ይሆናል። «ሰማያዊዎቹ፣ ቀጥሉ!» እንደማለት ነው። ያ «አሌ» የዚሁ ግሥ ትእዛዝ ነው። ለአንድ ሰው ሲሆን ግን «ቫ!» ይባላል። ለአንዱ ሌላ ቃል፣ ለብዙዎች ሌላ ቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ መልኮች የአንድ ግሥ ልጆች አይደሉም። የሦስት የላቲን ግሦች ቅሪቶች ናቸው፤ ላቲን የጥንት ሮማውያን ቋንቋ፣ የፈረንሳይኛም እናት ነው። አንደኛው «ኢሬ» ነው፤ መሄድ። ሁለተኛው «ቫዴሬ»፤ ፈጠን ብሎ፣ ገስግሶ መሄድ። ሦስተኛው «አምቡላሬ»፤ በእግር መራመድ፣ መንሸራሸር። «ዢሬ» ከመጀመሪያው መጣ። «ቬ»፣ «ቫ» እና «ቮን» ከሁለተኛው። «አሌ» እና «አሎን» ከሦስተኛው መጡ ይባላል፤ ይህኛው ክርክር ስላለበት በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሦስቱ ሁለቱን እኛም ሳናውቅ እንጠቀምባቸዋለን። «ትራንዚት» የምንለው ቃል ውስጥ ያለው «ኢሬ» ነው፤ አልፎ መሄድ ማለት ነው። «አምቡላንስ» ደግሞ ከ«አምቡላሬ» ይወለዳል። ፈረንሳዮች ሠራዊትን እየተከተለ የሚንቀሳቀሰውን ሆስፒታል «ተራማጅ ሆስፒታል» ይሉት ነበር። ስሙ ከዚያ ወደ መኪናው ዞረ።

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ላቲን «መሄድ» የሚል ደህና ግሥ ካለው ለምን ሌላ አስፈለገው?

መልሱ ያለው የግሡ ትንሽነት ላይ ነው። በላቲን «እሄዳለሁ» ማለት «ኤኦ» ነው። «ትሄዳለህ» «ኢስ»። «ይሄዳል» «ኢት»። «ሂድ!» ደግሞ «ኢ» ብቻ ነው። በቃ፣ አንዲት አናባቢ። እኛ «ና» ስንል ቢያንስ «ን» የምትባል መያዣ አለችን። የሮማው ሰው በገበያ ጫጫታ መሃል «ኢ!» ቢል ማን ይሰማዋል?

በዚህ ላይ ጊዜ ሲሄድ በንግግር የቃል መጨረሻ መበላት ጀመረ። ከ«ኢት» ላይ «ት» ስትወድቅ የቀረው «ኢ» ነው። «ይሄዳል» እና «ሂድ» አንድ ሆኑ ማለት ነው። «እኔ» የሚለው የላቲን ቃል «ኤጎ» ደግሞ ተሸርሽሮ «ኤኦ» ሆነ። ስለዚህ «እኔ» እና «እሄዳለሁ» ተመሳሰሉ። ቃል እዚህ ደረጃ ሲደርስ ተናጋሪው ሳያስበው ሌላ፣ ክብደት ያለው ቃል ይፈልጋል። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም። እናት ልጇን ስትልክ፣ ነጋዴ ተሸካሚውን ሲያዝ፣ በግልጽ የሚሰማውን ቃል መረጡ።

የተመረጠው «ቫዴሬ» ነው። በጥንቱ የላቲን ጽሑፍ ይህ ግሥ ጉልበት ነበረው፤ ወደ ጦርነት ለሚገሰግስ ሰው የሚሆን ቃል ነው። እንግሊዝኛ «ወረራ» ለማለት የሚጠቀምበት «ኢንቬድ» ከዚሁ ግሥ የመጣ ነው። በኋላ ግን ጉልበቱ ረገበና ተራ «መሄድ» ሆነ።

ይህን ለውጥ በዓይናችን የምናይበት ቦታ አለ፤ የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ። ተርጓሚው ቅዱስ ጄሮም ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ382 አካባቢ ነው፤ ወንጌላቱን ከእርሱ በፊት ከነበሩ ትርጉሞች አስተካክሎ አወጣ። እዚያ ውስጥ «ሂድ» በሚባልበት ቦታ «ኢ» አትገኝም ማለት ይቻላል። «ቫዴ» ነው የሚለው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታ ለሴትየዋ «ሂጂ፣ ከአሁንም ጀምሮ ደግመሽ ኃጢአት አትሥሪ» ሲላት የላቲኑ ቃል «ቫዴ» ነው። በምዕራፍ 13 ጴጥሮስ «ጌታ ሆይ፥ ወዴት ትሄዳለህ?» ሲል «ኮ ቫዲስ» ይላል፤ «ኮ ኢስ» አይልም። ትንንሾቹ መልኮች ተገፍተው «ቫዴሬ» ወንበራቸውን ይዟል። ረዘም ያሉት የ«ኢሬ» መልኮች ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ በሰላም ይኖራሉ። የታመሙት አጫጭሮቹ ብቻ ናቸው።

«ቫዴሬ» ታዲያ ለምን ሙሉውን ግሥ አልወረሰም? እርሱም ጎዶሎ ስለነበረ ነው። በጥንቱ ላቲን ብቻውን ሲቆም የኃላፊ ጊዜ አልነበረውም ማለት ይቻላል። «ሄደ» ለማለት አይሆንም። አሁንም በፈረንሳይኛ «ቫ» የምታገለግለው ለአሁን ጊዜና ለአንድ ሰው ትእዛዝ ብቻ ነው።

የሦስተኛውን ግሥ ታሪክ የምትነግረን አንዲት ተሳላሚ ናት። ኤጌሪያ ትባላለች። ከምዕራቡ የሮም ግዛት ተነሥታ እ.ኤ.አ. ከ381 እስከ 384 ባሉት ዓመታት ወደ ሲና ተራራና ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘች። ያየችውን ለአገሯ እህቶች በደብዳቤ ጻፈች። ጽሑፏ የተገኘው በ1884 ነው፤ ጣሊያን አሬዞ ውስጥ፣ ያውም መጀመሪያውና መጨረሻው ጠፍቶ። የቋንቋ ሰዎች በጣም የሚወዷት በአነጋገሯ ነው። ቃል ሳታሳምር፣ ልክ እንደምታወራው ትጽፋለች።

የተረፈው ጽሑፍ ገና ሲጀምር «እየሄድን ሳለን አንድ ቦታ ደረስን» ትላለች። ወደ ሲና መዳረሻ መሆኗ ነው። «እየሄድን» ለማለት የተጠቀመችው «አምቡላንቴስ» ነው፤ የ«አምቡላሬ» ልጅ። እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «በመካከላቸው እንሄድባቸው የነበሩ ተራሮች» ስትል ደግሞ «ኢባሙስ» ትላለች፤ ይህ «ኢሬ» ነው። ሦስት ክፍለ ቃል ያለው፣ በደንብ የሚሰማ «ኢሬ»። ሁለቱ ግሦች በአንዲት ሴት አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ለውጡ እየተካሄደ ሳለ የተያዘ ነውና። «ኢባሙስ» ደግሞ እስከ ዛሬ አልሞተም። ስፔኖች «እንሄድ ነበር» ሲሉ «ኢባሞስ» ይላሉ።

መራመድ መሄድ ሆነ ማለት ነው። እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛም ያደረግነው ነው። በግዕዝ «ሄደ» ለማለት «ሖረ» ነበር። ያ ቃል ከዕለት አማርኛችን ጠፍቷል። የተካው «ሄደ» ከየት መጣ? የቋንቋ ሊቃውንት ከግዕዙ «ኬደ» ጋር ያዛምዱታል፤ «ረገጠ» ማለት ነው። የግዕዝ «ከ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ሀ» ሆናለች። «ኮነ» «ሆነ»፣ «ኵሉ» «ሁሉ» ብለናል። «ኬደ» «ሄደ» መባሉም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነው። ትግርኛ ደግሞ «ከ»ን ይዞ «ከደ» ይላል። መርገጥ በእኛ ዘንድ መሄድ ሆነ፣ መራመድ በፈረንሳዮች ዘንድ። የቀድሞው «መሄድ» በሁለቱም ቦታ ወንበሩን ለቀቀ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። «አምቡላሬ» እንዴት «አሌ» ይሆናል? «ም» የት ገባች? «ብ»ስ?

ጥያቄው ቀላል አይደለም። የላቲን ድምፆች ወደ ፈረንሳይኛ ሲያልፉ የሚከተሉት ሥርዓት አለ። «ትሬሙላሬ» (መንቀጥቀጥ) «ትራምብሌ» ሆነ። «ሲሙላሬ» «ሳምብሌ» ሆነ። በዚህ ሥርዓት «አምቡላሬ» መሆን የነበረበት «አምብሌ» ነው። ይህ ቃል በእርግጥም በፈረንሳይኛ አለ፤ ግን ለፈረስ አረማመድ ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች «አሌ» የ«አምቡላሬ» ልጅ ሊሆን አይችልም ብለው ሌላ አባት ፈለጉለት። ላቲን ውስጥ ሌሎች ግሦችን ያቀረቡ አሉ። ከሮማውያን በፊት በአገሩ ይነገር ወደነበረው የኬልት ቋንቋ የሄዱም አሉ።

እኔን የሚያሳምነኝ ግን የድሮው መልስ ነው። በጣም የሚዘወተር ቃል ሥርዓት አይጠብቅም፣ ያልቃል። የራሳችንን አፍ እንስማ። «እግዚአብሔር» የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» ስንል «ብ»ም «ሐ»ም የሉም። «ሐ» በሌላ ቃልም ትበላለች፤ የግዕዙን «ጸሐፈ» «ጻፈ» ብለናል። ቃሉ በሙሉ እንዲህ ማጠሩ ግን በድምፅ ሕግ ብቻ አይገለጽም። ቃሉን የበላው አዘውትሮ መጠራቱ ነው። «አምቡላሬ»ም እንደዚያ ይመስለኛል። አንዳንዶች መነሻው የወታደር ትእዛዝ ነው ይላሉ። አዛዡ «አምቡላቴ!» (ተራመዱ!) እያለ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ቃሉ በአፉ ውስጥ ተቆርጦ አጠረ። ማረጋገጫ የለውም፤ ነገር ግን ሰልፍ ያየ ሰው የሚቀበለው ሐሳብ ነው።

አንድ የጽሑፍ ምስክር አለ። በ8ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ፈረንሳይ የተዘጋጀ የቃላት መፍቻ ነው። ራይኸናው በተባለ የጀርመን ገዳም ስለተገኘ በዚያ ስም ይጠራል። የጄሮም መጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ለዘመኑ አንባቢ ከብደውት ስለነበር፣ ከባዱን ቃል በሚገባው ቃል ይፈታለታል። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ለግዕዝ «ሰዋስው» እንደሚሠራው ዓይነት ነው። እዚያ ውስጥ «አላሬ» የሚል ግሥ ብቅ ይላል። «አሌ» ሊሆን ጥቂት የቀረው ቃል ማለት ነው። ከ«አምቡላሬ» እስከ «አላሬ» ያለውን መንገድ ባያሳየንም፣ «አሌ» በ700ዎቹ ዓመታት ተወልዶ እንደነበረ ያሳያል።

የቀረን «ዢሬ» ነው፤ ነገ እሄዳለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ የሚገባው ይህ ክፍል ይመስለኛል። ጥንታዊው ላቲን ለወደፊት ጊዜ የራሱ መልክ ነበረው። ሕዝቡ ግን ሌላ አነጋገር ፈጠረ። ግሡን አስቀምጦ «አለኝ» የሚል ቃል ያስከትላል። «ኢሬ ሃቤኦ»። ቃል በቃል «መሄድ አለኝ» ነው፤ የእኛን «መሄድ አለብኝ» ልብ በሉ። «ሃቤኦ» ተሸርሽሮ ከ«ኢሬ» ጋር ተጣበቀና ቃሉ በፈረንሳይኛ «ኢሬ» ሆነ፤ በፊቱ «ዠ» ሲመጣ «ዢሬ» ይባላል። በእኛ ፊደል የላቲኑም የፈረንሳይኛውም አጻጻፍ አንድ መሆኑ አያሳስታችሁ። የላቲኑ «መሄድ» ነው፣ የፈረንሳይኛው ውስጥ ግን «አለኝ» ተደብቋል።

አሁን «እሄዳለሁ» በሉ። ቀስ ብላችሁ። «እሄድ» እና «አለሁ»። ሁለት ቃል ነበር፣ ተጣበቀ። ስንክድ «አልሄድም» ነው የምንለው፤ «አለሁ» የለችበትም። «የምሄድበት» ስንልም የለችም። ተለጣፊ መሆኗን የምታጋልጠው በዚህ ነው። ላቲን በ«አለኝ» አደረገው፣ እኛ በ«አለሁ»።

ይህ የወደፊት አነጋገር ከፈረንሳይኛ ጥንታዊ ጽሑፍ ውስጥም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ842፣ የካቲት 14 ቀን፣ የንጉሠ ነገሥት ሻርለማኝ የልጅ ልጆች ስትራስቡርግ ላይ ቃለ መሐላ ተለዋወጡ። ጀርመናዊው ሉድቪግ የወንድሙ የሻርል ወታደሮች እንዲገባቸው በእነርሱ ቋንቋ ማለ። «ሳልቫራይ ኤኦ» ይላል፤ «እኔ እረዳለሁ»። መጨረሻ ላይ ያለችው «አይ» ያቺው «ሃቤኦ» ናት። ቀጥላ ያለችው «ኤኦ» ደግሞ ድሮ «እሄዳለሁ» ማለት የነበረችው ድምፅ ናት፤ እዚህ ግን «እኔ» ሆናለች። ለ«እሄዳለሁ» የሚሆን ቦታ አልቀረም ነበር።

«ኢሬ» በፈረንሳይኛ እዚህ ቦታ ብቻ የተረፈው በመጣበቁ ነው። አጭር ግሥ ብቻውን ሲቆም ይጠፋል፤ ከሌላ ጋር ሲገመድ ይቆያል። ጎረቤቶቹ በሌላ መንገድ ሄደዋል። ጣሊያንኛ «አንዲያሞ» (እንሄዳለን) ይላል፣ ለ«እሄዳለሁ» ግን «ቫዶ»። ስፔንኛ «ኢሬ»ን እንደ ዋና ግሥ ጠብቆ «ቫ»ን አሁን ጊዜ ላይ ሰክቷል። ሩማንያውያን «መሄድ» የሚሉበት ቃል ደግሞ በላቲን «መጥለቅ፣ መስመጥ» ማለት ነበር። እንዴት ከመስመጥ ወደ መሄድ እንደተደረሰ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ሰው «ለምን እንዲህ ዓይነት ትርምስ የሚበዛው አዘውትረን በምንጠቀማቸው ግሦች ላይ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ልማድ ነው። አልፎ አልፎ የሚነገር ግሥ ቢወላገድ የሚቀጥለው ትውልድ ያቃናዋል፤ ምክንያቱም ሕፃኑ የተወላገደውን መልክ በቂ ጊዜ አይሰማውም። «ና» ግን በቀን ሃምሳ ጊዜ ይሰማል። ሕፃን «መጣ»ን ሳያውቅ «ና»ን ያውቃል። ስለዚህ ማንም አያቃናውም። «መሆን» የሚሉት ግሦችም በብዙ ቋንቋ የተወላገዱት በዚህ ነው። እኛ ራሳችን «ነው» እንላለን፣ ትናንት ሲሆን «ነበረ»፣ ነገ ሲሆን «ይሆናል»፣ ስንክድ «አይደለም»። አራት ቃል፣ አራት ዘር።

የፈረንሳይኛው «መሆን»ም ከአንድ በላይ ዘር አለው። ኃላፊው «ኤቴ» የመጣው «መቆም» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። የእኛ «ነበረ» በግዕዝ «ተቀመጠ» ማለት ነው፤ «መንበር» እና «ወንበር» ከዚያው ናቸው። ይህ «ኤቴ» ደግሞ ዛሬ ወደ «መሄድ» ግሥ እየገባ ነው። ፈረንሳዮች ሲያወሩ «ፓሪስ ሄጄ ነበር» ለማለት «ዤ ኤቴ አ ፓሪ» ይላሉ። ቃል በቃል «ፓሪስ ነበርኩ» ነው። ጥንቁቅ መምህራን «በ«አሌ» በሉ» እያሉ ያርማሉ፤ ሰው ግን እንደለመደው ይናገራል። ስፔኖች ይህን ጨርሰውታል። «ፉኢ» ሲሉ «ሄድኩ»ም «ነበርኩ»ም ነው። እኛም «ቅዳሜ የት ሄደህ ነበር?» ስንባል «ደብረ ዘይት ነበርኩ» እንላለን፤ ጠያቂውም መሄዳችንን ይረዳል።